ሊጉን የሠራው ሰውዬ አሜን ያለ ቀን

በዚህ ዓለም ላይ አንዲት ጠጠር አንስቶ የማያውቅ ሰው ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ አትድከሙ፤ "ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት" የሚለውን ሰውዬ እጁን ይዛችሁ ኑ። በእውነት የሠራ ሰውማ ወገቡን ይዞ ጥግ ተቀምጧል፤ ለማውራት ትንፋሽ አልተረፈውም። የሚያወራው ሪባን የቆረጠው ነው። ካላመናችሁኝ በየሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይ የተሸከሙትን እናቶች ስም ጠይቁ... ከዚያ በሩ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈውን ስም አንብቡ። እኔ ዝም ልበል።

ዝም ልበል ስል ግን እንዳታምኑኝ።

እንደምታውቁት የምኖረው ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ፣ ከልጄ ከፀሐይና ከባሏ ጋር ነው። ከበረንዳዋ ሐይቁ ይታያል። "እማዬ፣ እዚህ ቁጭ ብለሽ ሐይቁን እያየሽ እረፊ" ትለኛለች። ሐይቅ ስንት ጊዜ ይታያል? አንዴ አየሁት፤ ውሃ ነው። እግሬ ደግሞ አንድ ቦታ አያርፍልኝም። ሁለት ቲማቲም ልግዛ ብዬ በጠዋት ወጥቼ፣ ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ፣ ያለ ቲማቲም የምመለስ ሴት ነኝ። ፀሐይ ለዚህ ብላ ቲማቲም ከሱፐርማርኬት መግዛት ጀመረች። እኔም ሽንኩርት አልኳት።

የናካዋ ገበያ ግርግር ሲበዛብኝ ከኋላው ወዳለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዞር እላለሁ። በሩ አጠገብ ትልቅ የፌኔ ዛፍ አለ። ፌኔ የሚሉት ያ ቆዳው ሻካራ፣ ግልገል የሚያህለው ፍሬ ነው፤ ከሥሩ የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ንስሐ ቢገባ ይሻለዋል። እኔና ናካቶ ግን ከሥሩ ስንቀመጥ ስንት ዘመናችን!

ናካቶ የከሰል ምድጃዋን ከዛፉ ሥር ዘርግታ ሮሌክስ ትሠራለች። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ሰዓት እንዳይመስላችሁ። ቻፓቲ በሚሉት ስስ ቂጣ ላይ እንቁላልና ጥቅል ጎመን ተደርጎ ይጠቀለልና ሮሌክስ ይባላል፤ እጅ ላይ አይታሰርም እንጂ ከሰዓቱ ይልቅ ለሰው ይጠቅማል። ረቡዕና አርብ እንቁላል እንደማልበላ ካወቀች ወዲህ በአቮካዶ የጾም ሮሌክስ ፈጠረችልኝ። አሁን በዚያ የሚያልፉ የኛ ልጆች "አንድ ጃጃ" እያሉ ያዛሉ። ጃጃ በነሱ አያት ማለት ነው፤ ናካቶ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። በዚህች ምድር ላይ በስሜ የተሰየመ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እሱም ተበልቶ ያልቃል። የምንግባባው በሰባራ ስዋሂሊ፣ በእሷ ሉጋንዳ፣ በኔ አማርኛና በአራት እጅ ነው።

ወደዚያ መሄድ ስጀምር ሜዳው ሜዳ አልነበረም። ዝናብ ሲጥል ረግረግ፣ ሲያባራ አቧራ። ቅርጫት የሚሉትም እንጨት ላይ የተቸነከረ የብረት ቀለበት ነው። ኳስ የሚጫወቱት ረጃጅም ልጆች ገረጋንቲ በጋሪ እየገፉ አምጥተው ሲደለድሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አካፋው የማን ነበር? የናካቶ። አቧራው እንዳይነሳ ውሃ የምትረጨው ማን ነበረች? ናካቶ። ኳሷ ነጥራ ነጥራ የጎመን ሳፋዋ ውስጥ ስትገባ፣ ደግሞም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል እዚያው ነው የምትገባው፣ አጥባ፣ በሽርጧ ጠርጋ ትመልሳለች እንጂ አንድ ቀን "ሂዱልኝ ከዚህ" ስትል አልሰማሁም።

ከዚያ ግርማቸው መጣ።

የኛው ሰው ነው፤ የትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመሀል ቆርጦ "ጌሪ" ሆኗል፤ የቀረውን ቁራጭ የት እንዳኖረው እሱ ያውቃል። "ሚስተር ጌሪ" ካላሉት አይዞርም። እኔ "ግርማቸው!" ስለው ግን ዘሎ ይዞራል፤ እናቱ የመጣችበት ይመስለዋል መሰለኝ። ሐሰት አልናገርም፣ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ሆኖ የልጆቹን ጨዋታ የባለሙያ ሊግ ያደረገው እሱ ነው። ሲሚንቶ አስፈሰሰ፣ የመስታወት ሰሌዳ አስተከለ፣ መብራት አስገባ። ልጆቹ ኳስ ወርውረው ደሞዝ የሚበሉ ሆኑ፤ ደስ ብሎኛል፣ እልል ብያለሁ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህን ሳምንት ስለ ሽንኩርት እጽፍላችሁ ነበር።

አላቆመም። አንድ እሑድ ፀሐይ በስልኳ የሐበሾች ፕሮግራም ከፍታ "እማዬ፣ ነይ እዪ፣ ጌሪ ቀርቧል" አለችኝ። ቀርቧል። እግሩን አነባብሮ፣ ኳሷን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ "ይህን ሊግ ከባዶ ሜዳ ነው ያነሳሁት" ይላል።

ባዶ ሜዳ! ናካቶ ባዶ ናት? ያ ሁሉ ጋሪ ባዶ ነው? ቢያንስ ፌኔው እንኳ ባዶ አይደለም፤ አንዱ አናቱ ላይ ቢወርድበት ያውቀው ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ይህም ይለፍ። ያላለፈው ሌላው ነው። የሜዳው ጥበቃ አንድ ቀን ለናካቶ ሹክ አላት፤ ዛፉ ሥር ለክቡራን እንግዶች የመስታወት ማረፊያ ሊሠራ ነው አላት። ናካቶ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ከዚያ ከተነሳች የሚቀራት የጂንጃ መንገድ ዳር ብቻ፤ እዚያ ደግሞ ጥላ የለ፣ ደንብ አስከባሪ በየሰዓቱ ምድጃ ያስነሳል፣ ልጆቹም አቋርጠው አይመጡላትም። በዚያች ምድጃ ላይ የሚኖሩ አራት ነፍሶች ናቸው። ቻፓቲዋን እየገለበጠች፣ "ጃጃ፣ አንቺና እሱ አንድ ቋንቋ ነው የምትናገሩት፤ ንገሪልኝ" አለችኝ።

አንድ ቋንቋ መስሎኝ ሄድኩ።

ቢሮው መስታወት የሆነ ፎቅ ነው። በሩም መስታወት ነው። በር መሆኑን ያወቅሁት በግንባሬ ነው። ከወዲያ በኩል አንዲት ነጠላ የለበሰች አሮጊት ግንባሯን ይዛ ቆማለች፤ አንጀቴን በላችው። "ይቅርታ እናቴ፣ አላየሁሽም" አልኳት። አልመለሰችልኝም። ሰው እንዴት እንዲህ ይኮራል ብዬ ተቀይሜ ነበር... ለካ ራሴ ነኝ። ጥበቃው ሳቁን በመሀረብ እያፈነ አስገባኝ።

ግርማቸው አክብሮ ተቀበለኝ፤ ሐሰት አልናገርም። ከኋላው ግድግዳውን የሞላ የራሱ ፎቶ አለ፤ ከፊቱ ራሱ አለ። ሁለት ግርማቸው! የትኛውን ልለምን? የናካቶን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከአካፋው ጀምሬ ነገርኩት። በየመሀሉ "እሺ እማማ፣ እሺ እማማ" ይላል፤ ጣቱ ስልኩ ላይ ይሮጣል። ስጨርስ፣ "እማማ፣ ስለዚያ ቦታ ገና ምንም አልተወሰነም። ሐሳብ አይግባዎት" አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ታላቅ ወንድሜ ፊደል ሲቆጥር ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። እሱ መጽሐፉን ወደ ራሱ ይዞ ይጮሃል፣ እኔ ከወዲህ ሆኜ አያለሁ። እናም ፊደልን የለመድኩት ተዘቅዝቆ ነው። ቀና አድርጎ ማንበብን የተማርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ባሌ "ጋዜጣውን ምነው ዘቀዘቅሽው?" እያለ ሲስቅብኝ ነው። እስከ ዛሬም ከጠረጴዛ ማዶ ያለ ጽሑፍ ከእጄ ካለው ይልቅ ይቀናኛል።

ግርማቸው ፊት ደግሞ ደብዳቤ ተዘርግቷል። አዲስ አበባ ላለ ስፖንሰር የተጻፈ ነው፤ በአማርኛ። "ሐሳብ አይግባዎት" እያለኝ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ በበሩ አጠገብ ያለችው ምግብ ሻጭ ከመክፈቻው በኋላ ባለው ሰኞ ተነስታ ቦታው ይጸዳል።

ይጸዳል! አያችሁ? ሲሚንቶ ሳይኖር ውሃ ስትረጭ የኖረችዋ ሴት አሁን የሚጠረግ ነገር ሆነች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ይኸኛው ባለቤቲቱን ንቆ፣ አጥሩን ነቅንቆ፣ ሲያበቃ "ሐሳብ አይግባዎት" ይላል። እናንተ ብትሆኑ ደብዳቤውን አንስታችሁ ታነቡለት ነበር። እኔ ግን ዝም አልኩ። ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲዋሸኝ የማፍረው እኔ ነኝ፤ አመል ነው።

ዝም ስል ጊዜ ግርማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። እኔን ሳይሆን ነጠላዬን። ከዚያ ፊቱ በራ።

"እማማ፣ ቅዳሜ የሊጉ መክፈቻ ላይ ለምን አይመርቁልንም? ስፖንሰሮቻችን ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ካልቸር በጣም ይወዳሉ።"

ካልቸር እኔ ነኝ ማለት ነው። እንግዲህ እወቁኝ።

"ማንበብ ይችላሉ?" አለኝ ቀጥሎ።

"ልጄ፣ ትምህርት ቤት የት አውቄ?" አልኩት። ሐሰት ተናገርኩ? አልተናገርኩም። እሱ ግን እፎይ አለ፤ ደብዳቤውንም ለመሸፈን አልተጨነቀም። የሚባለውን ምርቃት ከወረቀት ላይ ለደንቆሮ እንደሚነገር እየጮኸ አነበበልኝ። ሊጉን ይባርክልን፣ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ይባርክልን፣ የስልክ ኩባንያውን ይባርክልን፣ የጌሪን ቪዥን ይባርክልን። እግዚአብሔር ራሱ ከስፖንሰሮቹ በኋላ ነው የተጠቀሰው። ወረቀቱን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ወጣሁ፤ አሁን በሩን አውቄው ነበር።

ለናካቶ ያነበብኩትን ነገርኳት። አላለቀሰችም። "ሰኞ?" አለች። "ሰኞ" አልኳት። ከዚያ እንቁላል መስበር ቀጠለች። ቅርፊት ገባባት፤ ናካቶ ቅርፊት ስትጥል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፀሐይ ደግሞ መድረክ ላይ እንደምመርቅ ስትሰማ ደስታዋ ጣራ ነካ። የባሏ አለቃ ከስፖንሰሮቹ አንዱ ነው፤ እሷንም ምርቃቱን ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉማለች ብለው መርጠዋታል። ቀሚስ አሰፋች። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ውስጥ ስንገባ ግን፣ የናካቶን ነገር ነግሬያት ነበርና፣ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "እማዬ፣ በናትሽ፣ መድረክ ላይ ስለ ናካቶ አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ" አለችኝ። እሺም እንቢም አላልኳት። እናት ስትሆኑ ዝምታ እንደ እሺ ይቆጠርላችኋል።

ሜዳው ጢም ብሏል። ካሜራ ነው፣ ባንዲራ ነው፣ ከበሮ ነው። ልጆቹ ሁለት መስመር ሠርተው ቆመዋል፤ አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አየኋቸው። በበሩ ወዲያ በኩል ናካቶ ምድጃዋ ላይ አጎንብሳለች። ሁለት ቀን የቀራት ሴት መሆኗን የሚያውቅ ሰው በጣት ይቆጠራል። ማይኩን አንዱ ረጅም ልጅ በርከክ ብሎ አፌ ላይ ያዘልኝ።

ሐበሻ ምርቃት ሲጀመር ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እጁን ይከፍታል፣ ጆሮውን ይዘጋል። ምን እንደተባለ ጠይቁት፣ አያውቅም፤ አሜን ማለቱን ግን ያውቃል። ግርማቸውም መሀል ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ለካሜራው እንዲመች ትንሽ ወደ ቀኝ ዞር ብሎ ቆመ።

"ኳሳችሁ ቅርጫቱን አይሳት" አልኩ። "አሜን!" አለ ግርማቸው፤ ከሁሉ ጮክ ብሎ።

"ቁርጭምጭሚታችሁ አይዙር፤ ወገባችሁ አይቀጭ።" "አሜን!"

"ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች ደህና ግቡ፤ ቤታችሁን በሰላም አግኙት።" "አሜን!"

ፀሐይ ከጎኔ ሆና እየተቀበለች ትተረጉማለች። ፈረንጁም፣ የአገሩም ሰው፣ ሁሉም አሜን አለ። ወረቀቱ ነጠላዬ ውስጥ እንደተቋጠረ ነው። በበሩ በኩል የናካቶ ጢስ ይታየኛል።

"ልጄ ግርማቸው" አልኩ፣ "ናካቶን ከዚህ ዛፍ ሥር መቼም አላነሳትም ብለህ ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የምትገባውን ቃል አምላክ ያጽናልህ።"

"አሜን!" አለ። ጮክ ብሎ። ሁለት ጊዜ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት አባቶች ግርማቸውን ሳያዩት ነው። የኛ ሰዎች አሜን ብለው አንዳንዱ ቀና አለ። ግርማቸው ገና መዳፉን እንደዘረጋ ነው። እኔ የማየው ግን ፀሐይን ነበር። ገና አልተረጎመችም። የባሏ አለቃ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ልታለሳልሰው ትችላለች፤ "አምላክ ሊጉን ይባርክ" ብላ ብታልፈው ማን ያውቅባታል? ወደ በሩ አየች። አንዳንድ አርብ፣ ከሥራ ስትወጣ፣ "አንድ ጃጃ" ብላ የምትገዛ እሷም ናት ለካ። ጉሮሮዋን ጠረገችና ተረጎመች።

እንግሊዝኛ አላውቅም። ሁለት ቃል ግን ሰማሁ፦ "ናካቶ" እና "ፕሮሚስ"።

ረጃጅሞቹ ልጆች "አሚና!" ብለው ሜዳውን አናወጡት። እንግዶቹ ጨበጨቡ። የባሏ አለቃ ተነስቶ አጨበጨበ። ያኔ ግርማቸው አንገቱን ቀና አደረገ፤ እጁ ግን አልታጠፈም፤ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ መስሎ ቀረ። ምን ይበል? አሜን ያለውን መልሶ ይዋጥ? ሐበሻ ውል ያፈርሳል፣ ቀጠሮ ያፈርሳል፤ በአዛውንት ፊት አሜን ያለበትን ማፍረስ ግን ይፈራል። የማያምነው ሳይቀር "ምናልባት" ይላል።

የመክፈቻውን ኳስ እንዲወረውር ሰጡት። ኳሷ ሰሌዳውን መታች፣ ብረቱን መታች፣ ነጠረች፣ በአጥሩ ላይ ዘለለች... የት እንደገባች ልንገራችሁ? ታውቁታላችሁ። ካሜራው ሁሉ ተከትሏት ሮጠ፤ ግርማቸውም ተከተለ፤ ሌላ ምን አማራጭ አለው። ናካቶ ኳሷን ከጎመኑ ሳፋ አወጣች፣ አጠበች፣ በሽርጧ ጠረገች፣ እንደ ልማዷ መለሰች። ከላይ አንድ ትኩስ ሮሌክስ ጨመረችለት። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አደረጉት።

ከመድረኩ ስወርድ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "እማማ፣ ይሄኮ ወረቀቱ ላይ አልነበረም" አለኝ።

"አሜኑስ ነበረ?" አልኩት።

ሰኞ በጠዋት ሽንኩርት ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ናካቶ ምድጃዋን አላቀጣጠለችም፤ እቃዋን በማዳበሪያ ቋጥራ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ስለ ፌኔው አወራን፤ ዘንድሮ በዝቷል አልን። እረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ መለኪያ ሜትር ይዞ መጣ። ዛፉን ቀና ብሎ አየው፣ እኛን አየን፣ ስልክ ደወለ፣ ሰማ... ከዚያ ከበሩ ወዲያ ተሻግሮ መለካት ጀመረ። የመስታወቱ ማረፊያ አሁን ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ነው። ክቡራን እንግዶች አየሩን ይወዱታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ናካቶ ማዳበሪያዋን ፈታች። እሷ ከሰሏን አራገበች፤ እኔም ጎመኑን መክተፍ ያዝኩ።

ግርማቸው? በደህና ነው። ባለፈው እሑድ እንደገና ፕሮግራሙ ላይ ቀርቧል። አሁን ከኋላው የተሰቀለው ፎቶ ከናካቶ ኳስና ሮሌክስ ሲቀበል የሚያሳየው ነው። "የአካባቢውን ሰው ማቀፍ ከመጀመሪያው የኔ ቪዥን ነበር" አለ። ለናካቶ ይህን ስነግራት ቻፓቲዋ እስኪያርር ሳቀች። ይበል ግዴለም። ሮሌክስን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

ትናንት ደግሞ ጸሐፊው ደወለችልኝ። የሚቀጥለው ውድድር ሲከፈትም እንድመርቅ ሚስተር ጌሪ ይፈልጋሉ አለች፤ ስፖንሰሮቹ ወደውኛል። ነገር ግን፣ አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚህኛው ጊዜ ምርቃቱን አስቀድመው በጽሑፍ ይላኩልን ብለዋል።

"የኔ ልጅ" አልኳት፣ "እኔ ትምህርት ቤት ያልገባሁ አሮጊት... መጻፍ ከየት ይመጣል?"

እናንተም አደራ፣ አትንገሩት።